መንግሥትን ከመንግሥት እንዴት እናወዳድር?

በመልካሳ የእርሻ ምርምር ማዕከል ማሳ ቦለቄውና በቆሎው በትናንሽ መደብ ተከፋፍሎ ይዘራል። ለየመደቡም ምልክት ይደረግለታል። ተመራማሪዎቹ «የትኛው ዘር ይሻላል?» ብለው ሲጠይቁ አንዱን ዘር በመስኖ፣ ሌላውን በደረቅ መሬት አይዘሩም። አፈሩን አንድ ያደርጋሉ። የመዝሪያውን ቀን አንድ ያደርጋሉ። ዝናቡም አንድ ነው። ምርቱን የሚመዝኑት ከዚያ በኋላ ነው። «አዋሽ መልካ» የሚባለው የቦለቄ ዘር ወደ ገበሬው እጅ የገባው እንዲህ ከሌሎች ጋር ተወዳድሮ ነው።

መንግሥትንም ማወዳደር እንደዚሁ ነው። ሰዎች ሻይ ቤት ተቀምጠው ሲከራከሩ እንሰማለን። አንዱ «የአሜሪካ መንግሥት ነው ጥሩው» ይላል። ሌላው «የለም፣ የቻይና ይሻላል» ይላል። ሦስተኛው «ለእኛ የሚበጀን ንጉሥ ነው» ይላል። ክርክሩ አይቋጭም። ለምን? እያንዳንዱ በየራሱ ሚዛን ስለሚመዝን ነው። አንዱ የሚያወራው ስለ መንገድና ስለ ፋብሪካ ነው። ሌላው የሚያወራው ስለ ነፃነት ነው። ሦስተኛው የሚያስበው ስለ ሰላም ነው። እንዲህ ከሆነ ቦለቄን ከበቆሎ ጋር እንደ መመዘን ነው።

ስለዚህ ለሁሉም መንግሥት አንድ ዓይነት ጥያቄ ማቅረብ ያስፈልጋል። ጥያቄው ብዙ ሊሆን ይችላል። መሪውን ማን ሾመው? ግብሩን ማን ይወስናል? ዳኛውን ማን ያዘዋል? ሁሉም ደህና ጥያቄዎች ናቸው። ዛሬ ግን አንዱን ብቻ ይዘን እንሂድ። ሥልጣን ላይ የወጣው ሰው እንዴት ይወርዳል? «ውረድ» የሚለውስ ማን ነው? ብዙ ሰው የሚጠይቀው እንዴት እንደ ወጣ ነው። አወራረዱ ግን ስለ አንድ መንግሥት የበለጠ ይናገራል።

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ፣ የውጭ አገሮቹም ጭምር፣ በእኛ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ስም ብቻ አይበቃም

በቅርባችን ካለው እንጀምር። ሁለት ዕድሮች አሉ እንበል። ሁለቱም «ዕድር» ይባላሉ። ሁለቱም ድንኳንና ሰሃን አላቸው። በአንደኛው ዕድር ዳኛው በየሁለት ዓመቱ ይመረጣል። ገንዘቡን የሚይዘው ሌላ ሰው ነው። በዓመት አንድ ቀን መዝገቡ በአባላት ፊት ይነበባል። በሁለተኛው ዕድር ግን ዳኛው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያው ሰውዬ ነው። ገንዘቡም በእሱ እጅ ነው። ሒሳብ የጠየቀ ሰው «ጠበኛ» ይባላል። ስማቸው አንድ ነው፤ አሠራራቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ሁለተኛው ዳኛ ክፉ ሰው ነው ማለት አይደለም። ምናልባት ደግ ሰው ይሆናል። ነገር ግን ደግነቱ ያለቀ ቀን አባላቱ ምን ያደርጋሉ?

የመንግሥታትም ስም እንዲሁ ያሳስታል። ሰሜን ኮሪያ በስሟ «ዴሞክራሲያዊ ሕዝባዊ ሪፐብሊክ» ነች። ሪፐብሊክ ማለት ንጉሥ የሌለው መንግሥት ማለት ነው። ሆኖም አገሪቱን ከ1940 ዓ.ም. ጀምሮ አያት፣ አባትና ልጅ እየተተካኩ ገዝተዋታል። እንግሊዝ ደግሞ እስከ ዛሬ ንጉሥ አላት። ግን ንጉሡ አይገዛም። የሚገዛው በምክር ቤቱ ብዙ ድጋፍ ያለው ጠቅላይ ሚኒስትር ነው። ሊዝ ትረስ የተባሉት ጠቅላይ ሚኒስትር በጳጉሜን 2014 ዓ.ም. ተሾሙ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ወረዱ። 50 ቀን ያህል ነው የቆዩት። የራሳቸው ፓርቲ ሰዎች ናቸው እምነት አጥተው «ይበቃል» ያሏቸው። ወታደር አልተንቀሳቀሰም። እኛም አገር በ1980 ዓ.ም. መግቢያ «ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ» የሚል ስም ነበረን። ወደ እሱ በኋላ እንመለስበታለን።

8 ዓመት

ለመልካሳና ለአዳማ ሰው ሩቅ ያልሆነ ምሳሌ አለ። እሱም የገዳ ሥርዓት ነው። በገዳ አንድ አባ ገዳ የሚመራው ለ8 ዓመት ነው። 8 ዓመት ሲሞላ ያስረክባል። ተረኞቹ አምስት ወገኖች ናቸው። የአንዱ ወገን ጊዜ ሲያልቅ ቀጣዩ ይረከባል። «ሕዝቡ ይወደኛልና ልቆይ» ማለት የለም።

ከ8 ዓመቱ በፊትስ ቢያጠፋ? በቦረና ጉሚ ጋዮ የሚባል ታላቅ ጉባኤ በየ8 ዓመቱ ይደረጋል። በዚያ ጉባኤ ሥልጣን ላይ ያለው አባ ገዳ ራሱ ሊጠየቅ ይችላል። ጥፋቱ ከከበደ ከሥልጣኑ ይነሳል። ይህ ማንሳት በኦሮምኛ ቡቂሱ ይባላል። ቡቂሱ ማለት መንቀል ነው። አረም እንደሚነቀል ማለት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የባህል ድርጅት ዩኔስኮ በኅዳር 2009 ዓ.ም. ገዳን በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ገዳ ግን ጉድለት የለበትም ማለት አይደለም። በገዳ ሥልጣን ሴቶች ቦታ አልነበራቸውም። እርግጥ ነው፣ በአርሲ በኩል ሴቶች ሲንቄ የሚባለውን በትር ይዘው በደላቸውን ያሰማሉ። አንዷ ስትበደል ሌሎቹ በትራቸውን ይዘው ይወጣሉ። ነገሩ ሳይታይላቸውም አይመለሱም። ይህ ትልቅ ኃይል ነው። ሆኖም ደጅ ቆሞ መጮህና ውስጥ ገብቶ መወሰን አንድ አይደለም።

በዚህ ነገር ፈረንጅም አይኩራራ። ስዊዘርላንድ በምርጫዋ የታወቀች አገር ነች። ሕዝቡ በየጊዜው ወጥቶ ድምፅ ይሰጣል። ግን የስዊዘርላንድ ሴቶች ለአገሪቱ ምክር ቤት የመምረጥ መብት ያገኙት በ1963 ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያ ሴቶች ይህን መብት ያገኙት በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ነው። ከዚያ በኋላ በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫም ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው ፓርላማ ገቡ። ሴቶቻችን የስዊዘርላንድን ሴቶች በ15 ዓመት ቀደሙ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ጥያቄያችንን አንርሳ። በዚያ ጊዜ የኢትዮጵያ ሕዝብ ማንን ሊያወርድ ይችል ነበር?

ጭሰኛውና ምክር ቤቱ

በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶች ነበሩ። የአንደኛውን አባላት ሕዝብ ይመርጣል። የሁለተኛውን፣ ማለትም የሕግ መወሰኛውን አባላት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚሾሙትና የሚሽሩትም ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው። ፓርቲ አልነበረም። ለምክር ቤት የሚወዳደር ሰው ደግሞ ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። ጭሰኛ የሚወዳደርበት መንገድ አልነበረም ማለት ነው።

ይህ ምን አመጣ? ከመልካሳ አዋሽን ተሻግረው ወደ አሰላ የሚሄዱ ሰዎች ታሪኩን ከሽማግሌዎች ሰምተው ይሆናል። በ1960 ዓ.ም. አካባቢ በጭላሎ አውራጃ፣ በስዊድን እርዳታ፣ ካዱ የሚባል የእርሻ ልማት ድርጅት ሥራ ጀመረ። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር መጣ። ምርት ጨመረ። ባለርስቶቹም «እርሻ ለካ ያዋጣል» አሉ። ትራክተር አመጡ። ትራክተር ካለ ጭሰኛ ምን ያደርጋል? ብዙ ጭሰኛ ከነቤተሰቡ ተነቀለ። ከምርቱ ሢሶ ወይም እኩሌታ እየገበረ ያረሰው ሰው መሄጃ አጣ።

የጭሰኛውንና የባለርስቱን ግንኙነት የሚያስተካክል ረቂቅ ሕግ ለፓርላማው ቀርቦ ነበር። ረቂቅ ማለት ገና ያልጸደቀ ሕግ ማለት ነው። ዓመታት አለፉ፤ ሕጉ ሳይጸድቅ ቀረ። ከምክር ቤት አባላት ብዙዎቹ ራሳቸው ባለርስቶች ነበሩ። በገዛ እጁ ሢሶውን የሚቀንስ ማን አለ? ጭሰኛው ድምፅ የመስጠት መብት ነበረው። ያ ድምፅ ግን ሕጉን ያስቀረውን ሰው ሊያወርድለት አልቻለም።

የሁለት ሰዎች አወራረድ፣ 34 ቀን ልዩነት

በ1966 ዓ.ም. ክረምትና በ1967 ዓ.ም. መባቻ ሁለት ትልልቅ መሪዎች ከሥልጣን ወረዱ። አንደኛው የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን ናቸው። ሁለተኛው ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ናቸው። በመካከላቸው 34 ቀን ብቻ ነው ያለው። እንደ መልካሳ መደብ ጎን ለጎን አድርገን እንያቸው።

በአሜሪካ የኒክሰን ሰዎች የተቃዋሚውን ፓርቲ ቢሮ በሌሊት ሰብረው ገብተው ተያዙ። ኒክሰን ነገሩን ሸፋፈኑ። ጋዜጦች ጻፉ። ምክር ቤቱ መረመረ። የፕሬዚዳንቱን ንግግር የቀዳ ክር ነበረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሐምሌ 17 ቀን 1966 «ክሩን አስረክቡ» ብሎ ወሰነ። ከፈራጆቹ መካከል ኒክሰን ራሳቸው የሾሟቸው ዳኞች ነበሩ። ኒክሰን ክሩን አስረከቡ። ምክር ቤቱ ሊከሳቸው ሲዘጋጅ ነሐሴ 3 ቀን ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ምክትላቸው ጄራልድ ፎርድ ያኑ ቀን ተተኩ። ተኩስ አልነበረም። ፎርድ ወር ሳይቆዩ ለኒክሰን ምሕረት ማድረጋቸው ግን ብዙ አሜሪካዊ አስቆጥቷል። አሜሪካም ብትሆን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ከሚለው ተረት ሙሉ በሙሉ አላመለጠችም።

በእኛ በኩል ሕገ መንግሥቱ የንጉሠ ነገሥቱ ክብር የማይደፈር፣ ሥልጣናቸውም የማይነካ ነው ይል ነበር። በወሎ ረሃብ ሆነ። ነዳጅ ተወደደ። መምህራንና ባለታክሲዎች ሥራ አቆሙ። ወታደሮች ደመወዝ ጠየቁ። ሕዝቡ ተቆጥቷል፤ ግን ቁጣው በሕግ የሚሄድበት በር የለም። በር ሲታጣ ግድግዳ ይፈርሳል። መስከረም 2 ቀን 1967 ወታደሮች ንጉሠ ነገሥቱን በትንሽ ቮልስዋገን መኪና አሳፍረው ወሰዷቸው። ፓርላማው ተዘጋ። ሕገ መንግሥቱ ታገደ። ኅዳር 14 ቀን 60 ያህል ሰዎች፣ ሚኒስትሮችና መኮንኖች ጭምር፣ ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ተረሸኑ።

ልዩነቱ የአሜሪካ ሰው ጨዋ፣ የእኛ ሰው ጨካኝ ስለሆነ አይደለም። በአንደኛው አገር የማውረጃው መንገድ አስቀድሞ ተጽፎ ነበር። በሌላው አልተጻፈም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር አለ። ሳንሸሽ እንየው። የተመረጠው ምክር ቤት ለጭሰኛው ያላደረገውን፣ ማንም ያልመረጠው ደርግ አደረገው። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ጭሰኝነት ቀረ። አንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር መያዝ ይችላል ተባለ። ለጭሰኛው ይህ እውነተኛ ለውጥ ነበር። ስለዚህ «ያልተመረጠ መንግሥት መልካም ነገር አይሠራም» ብንል ውሸት ይሆንብናል።

ነገር ግን ታሪኩ እዚያ አላቆመም። መሬቱን የሰጠው ያው መንግሥት በኋላ ኮታ አመጣ። ገበሬው ከእህሉ የተወሰነውን ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት፣ ከገበያው ባነሰ ዋጋ፣ በግድ ይሸጥ ነበር። ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ በአርሲና በሸዋ የመንደር ምሥረታ በስፋት ተካሄደ። ሰው ከማሳው አጠገብ የነበረውን ቤት አፍርሶ በመስመር ሠራ። ወጣቶች ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰዱ። ገበሬው «ይህን ያመጣውን ሰው አውርዱልኝ» ቢል ለማን ይበል? ገበሬ ማኅበሩ ትእዛዙን የሚያስፈጽም ሆኖ ነበር። በ1979 ዓ.ም. 835 አባላት ያሉት ብሔራዊ ሸንጎ ተመረጠ። ፓርቲው አንድ ብቻ ነው። ሸንጎውም በዓመት አንዴ ነበር የሚሰበሰበው። ያ ትልቅ ስም፣ «ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ»፣ የመጣው ከዚህ ጋር ነው። ሕዝቡ ስለ መንደር ምሥረታው ያለውን አሳብ ያሳየው በሌላ መንገድ ነው። በየካቲት 1982 ዓ.ም. መንግሥት ፖሊሲውን ሲያላላ፣ ብዙ ገበሬ ቤቱን ነቅሎ ወደ ድሮ ቦታው ተመለሰ። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ግንቦት 13 ቀን 1983 ከአገር ወጡ። እሳቸውንም ያወረዳቸው ድምፅ አይደለም። ጦርነት ነው።

ዛሬ ያለው ሕግ

አሁን የምንተዳደርበት ሕገ መንግሥት በኅዳር 1987 ዓ.ም. የጸደቀ ነው። ከእንግሊዝ ጋር የሚመሳሰልበት ነገር አለ። ሕዝብ በየ5 ዓመቱ የሕዝብ ተወካዮችን ይመርጣል። ተወካዮቹ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ይሰይማሉ። ፕሬዚዳንቱ ብዙ ሥልጣን የለውም። የሥልጣን ዘመኑም ከሁለት ጊዜ አይበልጥም፤ አንዱ ዘመን 6 ዓመት ነው። የጠቅላይ ሚኒስትሩ ዘመን ግን ስንት ጊዜ እንደሚሆን ገደብ የለውም። በአሜሪካ ፕሬዚዳንቱ ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳይመረጥ ሕግ ያስገቡት በ1943 ዓ.ም. ነው።

ወረቀቱ ቢመሳሰልም አፈሩ ይለያያል። በግንቦት 2007 ዓ.ም. ምርጫ 547ቱንም ወንበር ገዢው ግንባርና አጋሮቹ ያዙ። አንድም ተቃዋሚ አልገባም። ዓመት ሳይሞላ ግን በኦሮሚያ፣ ከዚያም በአማራ ክልል ሰው አደባባይ ወጣ። ብዙ ሰው ሞተ። በምክር ቤት ያልተሰማው ብሶት በመንገድ ተሰማ። ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ በየካቲት 2010 ዓ.ም. ሥልጣን እንደሚለቁ አስታወቁ። በመጋቢት ምክር ቤቱ ዶክተር ዐቢይ አሕመድን ሰየመ። መሪ በሕይወት እያለ፣ በሕጉ መንገድ ሥልጣን ሲያስረክብ ማየት ለአገራችን አዲስ ነገር ነበር። መንገዱ የተከፈተው ግን ከደም በኋላ ነው። በ2013ቱ ምርጫም ውጤታቸው መጀመሪያ ከተገለጸው 436 ወንበሮች 410ሩን የያዘው ገዢው ፓርቲ ነው።

ጎረቤታችንን ኬንያን ደግሞ እንይ። በታኅሣሥ 2000 ዓ.ም. የፕሬዚዳንት ምርጫ ተደረገ። ተሸናፊው ወገን «ድምፃችን ተሰረቀ» አለ። ፍርድ ቤት ሂዱ ሲባል «ፍርድ ቤቱን አናምነውም» አለ። ከ1,000 በላይ ሰው በግጭት ሞተ። ኬንያውያን ከዚያ በኋላ በ2002 ዓ.ም. አዲስ ሕገ መንግሥት አወጡ። ጠቅላይ ፍርድ ቤት አቋቋሙ። በ2009 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ሌላ ምርጫ ተደረገ። ሥልጣን ላይ ያሉት ኡሁሩ ኬንያታ አሸነፉ ተባለ። ተቃዋሚዎቹ ዘንድሮስ ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ ነሐሴ 26 ቀን «ምርጫው በሕጉ መሠረት አልተካሄደም፤ ይደገም» ብሎ ፈረደ። ፕሬዚዳንቱ ዳኞቹን በቃል ወረዱባቸው። ግን ፍርዱን ተቀበሉ። ምርጫው በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ተደገመ። ተቃዋሚዎች ራሳቸውን ስላገለሉ ኬንያታ በቀላሉ አሸነፉ። በዚያ ጊዜም የሞተ ሰው አልጠፋም። ቢሆንም የ2000ውንና የ2009ኙን አስተያዩ። አገሩ ያው ነው። ሕዝቡም ያው ነው። የተለወጠው «የምከስበት ቦታ አለኝ» የሚለው እምነት ነው። ኬንያታም ሁለተኛው ዘመናቸው ሲያልቅ በመስከረም 2015 ዓ.ም. ለዊልያም ሩቶ አስረከቡ።

አሁን ማንበብ ችላችኋልና ሕገ መንግሥቱን ራሳችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። 106 አንቀጾች አሉት። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማንበብ አያስፈልግም። ለዛሬ ሁለት ቦታ ብቻ ግለጡ። አንደኛው አንቀጽ 12 ነው። ሁለተኛው አንቀጽ 54 ነው። ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ካጣ፣ ምርጫ እስኪደርስ ሳይጠብቅ ከቦታው ሊያነሳው እንደሚችል ሁለቱም ይናገራሉ። ቦረናዎች ቡቂሱ የሚሉት ዓይነት ነገር ነው። ለመሆኑ የአካባቢያችሁ የምክር ቤት ተወካይ ማን ነው? ስሙን የሚያውቅ ሰው ከመካከላችሁ ስንት አለ?